የሽንኩርቱ መልአክ

ባለፈው ኅዳር ከዲጋ ወደ ነቀምት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለ፣ አንዲት ሴት ከመንገድ ዳር ግማሽ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ይዘው ገቡ። ያን ዕለት የተነቀለ ነበር፤ ሥሩ ላይ ያለው አፈር አልደረቀም፣ ቅጠሉም አልተቆረጠም። ረዳቱ ጆንያውን ከእግሬ ሥር አስቀመጠው። ጥቂት እንደሄድን ሽታው መኪናውን ሞላውና ተሳፋሪው መስኮት ይከፍት ጀመር። እኔ አጠገቤ ያለውን አልከፈትኩም። ሴትየዋ ያስቸገሩኝ መስሏቸው «ዲፋማ ኢንታሎ» ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ምንም አይደለም አልኳቸው።

ያን ሽታ የማውቀው ከልጅነቴ አንድ ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የዚያን ጊዜ የምንኖረው ነቀምት ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ በእማማ ደብሪቱ ግቢ ውስጥ ነበር። እማማ ደብሪቱ ገና በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ዓባይን ተሻግረው ከጎጃም የመጡ ባልቴት ናቸው። ባላቸው እኔ ሳልወለድ ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ደግሞ ወታደር ሆኖ ሄዶ አልተመለሰም። ሥራቸው ሽንኩርት ነበር። በገበያ ቀን ቀይና ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ በሌላው ቀን ደጃፋቸው ላይ ጆንያ አንጥፈው የበሰበሰውን ከደህናው ይለያሉ፣ የረጠበውን ያሰጣሉ፣ ጓሮ ያለውን የአበሻ ሽንኩርት ይኮተኩታሉ። ልጣጩን እሳት ውስጥ አይጥሉትም ነበር። ሰብስበው በዝናቡ ወራት በቤቱ ዙሪያ ይበትኑታል፤ እባብ አይቀርብም ይላሉ። ነፋስ ሲነሳ ልጣጩ እየበረረ እኛ በር ላይ ይከመራል፣ እናቴም ሳታማርር ትጠርገዋለች።

እኛ የወንጌል አማኞች ነን። አባቴ መምህር ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኦሮምኛ፣ ከእማማ ደብሪቱ ጋር በአማርኛ ነው። እናቴ ጫልቱ ከገጠር የመጣች ስለሆነች አማርኛዋ ብዙ አልነበረም፤ እማማ ደብሪቱን ግን «አዳዳ» ትላቸዋለች፣ የአባቷ እህት እንደሆኑ ሁሉ።

በሁለቱ መካከል ስለ ሃይማኖት ክርክር ሰምቼ አላውቅም። ክርክራቸው በእኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ እማማ ደብሪቱ አስቁመውኝ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከጤና አዳም ጋር በጨርቅ ጠቅልለው የዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ይከታሉ፤ ዓይን እንዳይበላኝ ነው። ከሰዓት ስመለስ እናቴ ምንም ሳትናገር ታወጣዋለች። ጨርቁን አጥባ ትመልስላቸዋለች፣ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለች። በማግስቱ ጨርቁ ሌላ ፍሬ ቋጥሮ ይመጣል። እንዲህ እያልን ዓመት አለፈ።

ሌላም ነገር ነበር። እማማ ደብሪቱ ሙሉ እንቅብ ሽንኩርት ሲከትፉ ዓይናቸው አያለቅስም። ለምን እንደሆነ እናቴን ጠየቅኋት። «እንባቸው አልቋል» አለችኝ። እኔ እንዳለችው ወሰድኩት፤ ሰው የተሰፈረለት እንባ አለው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት በተከተፈ ቁጥር የእኔ እንዳያልቅብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውጭ እሮጥ ነበር።

እናቴ ማሳል የጀመረችው ሰኔ ላይ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ኋላ ጎኗን ይዛ መቀመጥ አመጣች፣ ከዚያ ባልዲ ማንሳት አቃታት። ሐምሌ ሲገባ አባቴና አንድ ጎረቤት በሁለት በኩል ደግፈው ሆስፒታል ወሰዷት። ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል አሉ። እኔም ውሃ ስትቀዳ የገባባት መስሎኝ የግቢያችንን ቧንቧ ጠላሁት፤ ከዚያ ጠጪ ስባል እንቢ እል ነበር።

ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር አባቴ ከእናቴ አልጋ አይለይም፤ እኔ እማማ ደብሪቱ ዘንድ ዋልኩ። ሥራዬ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ሆነ። እሳቸው ይወቅጡታል፣ ከማር ጋር ይለውሱታል፣ በትንሽ ብልቃጥ አድርገው ይሰጡኛል፤ እኔ ይዤ ወደ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ከላጥኩት ውስጥ ጥፍር የነካው ከተገኘ ይመልሱታል። «ለበሽተኛ የሚሰጥ ነገር ቁስል አይኑርበት» ይሉኛል። ጣቶቼ ተላላጡ። እጄን በሳሙና ብታጠብም ሽታው አይለቅም ነበር፤ ስተኛ እጄን ጉንጬ ሥር አድርጌ አሸተዋለሁ። ዶክተሩ ማሩ አይጎዳትም፣ መድኃኒቷን ግን እንዳታቋርጥ ብሎ ነበር። እናቴ ሁለቱንም ትወስዳለች። አንዳንድ ቀን ማንኪያውን የምታነሳበት አቅም ስለማይኖራት አባቴ ያጎርሳታል።

አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነሳ እማማ ደብሪቱን ቤት ውስጥ አጣኋቸው። ጓሮ ወጣሁ። ከሽንኩርቱ መደብ አጠገብ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል። ዝናብ እያካፋ ነበር። እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

«ቁሉቢ ገብርኤል፣ የልጄን ነገር አልጠይቅህም፤ እሱን ትቼልሃለሁ። ይችን ልጅ ግን ማርልኝ። ለልጇ ተዋት። ብትምራት ታኅሣሥ ላይ ጥላ ይዤ ኸደጅህ እመጣለሁ።»

በኦሮምኛ ሽንኩርት ቁሉቢ ነው። ነጩም ቁሉቢ ነው፣ ቀዩም ቁሉቢ ነው። በምሥራቅ በኩል በዚህ ስም የሚጠራ አገር መኖሩን፣ እዚያም የገብርኤል ደብር መኖሩን ማን ነግሮኝ። እኔ የሰማሁት የሽንኩርት መልአክ እንዳለ ነው። ሁሉም ነገር ወዲያው ልክ መጣልኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ፍሬ ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ልጣጭ የማይቃጠለውም ለዚህ ነው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለው የመልአኩ ሥዕል በራሱ ዙሪያ ቢጫ ክብ አለው፤ ለሁለት የተቆረጠ ሽንኩርት መሆኑን እስከዚያ ቀን አለማወቄ ገረመኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። አላላጤ ግን ተለወጠ። ፍሬውን አንድ በአንድ እየላጥኩ በሆዴ የእናቴን ስም እጠራ ነበር። መሬት የወደቀ ፍሬ ሳነሳ እስመዋለሁ።

በጓሮው ዳር እማማ ደብሪቱ ሳይነቅሉ የተዉት አንድ ረድፍ ቀይ ሽንኩርት ነበር። ከመሃሉ ወፍራም አገዳ አውጥቶ ከእኔ ቁመት እኩል ደርሷል። ነሐሴ ውስጥ አናቱ ላይ የነበረው ስስ ሽፋን ተቀደደና ነጭ ክብ አበባ ወጣ፤ ሰባት ነበሩ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ንብ ይሰፍርባቸዋል። የአበባው ሽታ ማር ከሽንኩርት ጋር የተለወሰ ይመስል ነበርና፣ ለእኔ ይህ መልአኩ ራሱ ለእናቴ ያዘጋጀው መድኃኒት ነው። አንድ ቀን እሳቸው ገበያ ሲወርዱ ሰባቱንም ቀጥፌ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ።

እናቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አበባውን ተቀብላኝ ፊቷን ውስጡ ቀበረች። አጠገቧ የተኙት ሴት ክፍሉ ሽንኩርት ሸተተ ብለው ሲያጉረመርሙ እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ቀሰቀሰባት፣ ሳሉ ግን እንደ በፊቱ አልቆየም። አባቴ አበባውን በውሃ ጠርሙስ አድርጎ መስኮቱ ላይ አቆመው።

ግቢ ስመለስ እማማ ደብሪቱ መደቡ ዳር ተቀምጠው አናት አልባውን አገዳ ይዳብሳሉ። ማን እንደቀጠፈው አልጠየቁኝም። ያ ረድፍ ከባላቸው ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ዘሩ የሚያዝለት ሽንኩርት እንደነበረ፣ አንዴ ካበበ ደግሞ ከሥር ያለው ለምግብ እንደማይሆን፣ የቀረውም ዘር ብቻ እንደነበረ ያስረዱኝ ቆይተው ነው። የዚያን ዕለት ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ደስ አላት?»

«አዎ፣ ሳቀች» አልኳቸው።

«እንግዲያ ይሁን» አሉና ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉ።

እናቴ ጳጉሜን ላይ ከሆስፒታል ወጣች። በመስከረም የመጀመሪያው እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሎች ለምስጋና ጸሎት ቤታችን መጡ። ከመካከላቸው ትልቁ ኦቦ ቀነዓ ነበሩ፤ በታመመችበት ጊዜ ሁሉ አልጋዋ ድረስ እየሄዱ የጸለዩ ደግ ሰው ናቸው። ተዘመረ፣ ተጸለየ። ኋላ ኦቦ ቀነዓ ወደ እኔ ዞረው፣ ለመሆኑ እናትሽን ማን እንደፈወሳት ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ማወቄን ለማሳየት ቸኩዬ፣ የሽንኩርት መልአክ ነው አልኳቸው። እማማ ደብሪቱ እንደተሳሉለት፣ እኔም ፍሬውን እየላጥኩ እንደለመንኩት፣ አበባውንም እንደላከላት አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

የአባቴ አንገት ሲቀላ አየሁ። ኦቦ ቀነዓ አልተቆጡኝም፤ ራሴን ዳብሰው ልጅ ናት አሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን አባቴን ደጅ አውጥተው ለረጅም ጊዜ አነጋገሩት።

በማግስቱ አባቴ እማማ ደብሪቱ ዘንድ ሄደ፤ እኔም ተከትዬ በር ላይ ቆምኩ። በአክብሮት ነበር የሚናገረው። ላደረጉልን ሁሉ ውለታዎን አንረሳም፣ ነገር ግን በእኛ ስም ስለት ባይሳሉ፣ ሕፃኗንም ባያስለምዱብን አላቸው። እሳቸው ሽንኩርት መለየታቸውን አላቋረጡም።

«ስለቱ የኔ ነው፣ መምህር» አሉት። «እናንተን አያስነካም። የማደርሰው እኔ ነኝ።»

አባቴ የሽንኩርቱን መልአክ ነገር ሲነግራቸው ግን እጃቸው ቆመ። ወደ እኔ አዩና ሳቁ፤ እስከዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። አጠገባቸው አስቀምጠው ቁሉቢ የአገር ስም መሆኑን፣ ከዚህ ተነስቶ በሲሬ፣ በባኮ፣ በአዲስ አበባ አልፎ፣ ከዚያም ሌላ ሙሉ ቀን ተጉዞ እንደሚደረስ ነገሩኝ። አንዴ ብቻ ሄደዋል፤ ልጃቸው ከዘመተ በኋላ በሰላም እንዲመለስ ለመለመን። ከዚያ ወዲህ ለማንም፣ ስለምንም ተስለው አያውቁም። ይህን ሲናገሩ አባቴ ገና በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወጣ።

ጥቅምት ውስጥ ጥላውን ገዙት። ቀይ ከፋይ ሆኖ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ነበረው። ዘርግተው አሳዩኝ፤ የቤታቸውን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ወዲያው አጥፈው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ኅዳር ሲገባ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ገበያ መውረድ ተዉ፤ ከአልጋ ወደ በሩ ሲመጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ልብ ነው ተባለ። እናቴ ገና ራሷም አልጠናችም ነበር፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ትሄዳለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ሾርባ ታጠጣቸዋለች። እኔም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርቱን እለያለሁ፤ ማንም አላዘዘኝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ደብሪቱ የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውጥተው ለእናቴ ሰጧት።

«ጫልቱ፣ ጥላው እዚያ አለ። የሚሄድ ሰው ኸተገኘ ላኪልኝ። ኸሌለም ግድ የለም፣ አንቺን አላስቸግርም።»

«እልካለሁ፣ አዳዳ» አለች እናቴ።

በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። የተቀበሩት ባላቸው አጠገብ ነው። እኛ ከቅጥሩ ውጭ ካሉት ሰዎች ጋር ቆመን ነበር። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ወለተ ሥላሴ እያሉ ሲጠሩ ሰማሁና ሌላ ሰው እየቀበሩ መስሎኝ እናቴን ነካኋት። የክርስትና ስማቸው መሆን አለበት አለችኝ። በአንድ ግቢ ስንኖር ስማቸውን አናውቀውም ነበር።

ታኅሣሥ ሲጀምር ከሰፈሩ ምእመናን ወደ ቁሉቢ የሚሄዱ መኖራቸውን እናቴ ሰማች። ጥላውን በጨርቅ ጠቅልላ እኔን አስከትላ ሄደች። አውቶቡስ የተኮናተሩ ሰዎች ነበሩ። የሚመሯቸው ሴት በደስታ እናደርሳለን ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ጥላውን አቅፋ ቆመች። ሴትየዋ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። በመጨረሻ እናቴ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ በአውቶቡሱ ሁለት ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

አባቴ ሲሰማ አልጮኸም። ሰው እያለ አንቺ የምትሄጂበት ምክንያት ምንድን ነው፣ ሽማግሌ መሆኔን ታውቂያለሽ፣ ነገ ምን ብዬ ነው የምናገረው አላት። እናቴ የትምህርት ቤት ልብሴን እያጠፈች ነበር።

«የተለመነው ለእኔ ነው» አለችው።

ኦቦ ቀነዓም መጡ። በጎ ሐሳቧን እንደሚረዱ፣ ነገር ግን የምእመናን ዓይን ቤታችን ላይ እንደሆነ፣ ከሄደች ወደ ጌታ እራት ከመቅረቧ በፊት ሽማግሎች ፊት መልስ መስጠት እንዳለባት ነገሯት። በአክብሮት ሰማቻቸው። ስትሸኛቸውም በሩ ድረስ ወጣች። በጉዟችን ቀን ማለዳ አባቴ ሻንጣውን ተሸክሞ አውቶቡሱ ድረስ አደረሰን። ለእኔ ብስኩት ገዛልኝ። ለእናቴ የራሱን ሹራብ ሰጣትና ብርድ ነው አሉ፣ ሳንባሽን ጠብቂ ብሎ ተመለሰ።

ቁሉቢ ከፍታ ላይ ነው። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ከዚያ በፊት ያን ያህል ሰው አንድ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ድንጋይ ተሸክመው በጉልበታቸው የሚሄዱ፣ ሕፃን ታቅፈው የሚያለቅሱ፣ ጧፍ በእቅፍ የያዙ። የጥላው ቀለም ኮረብታውን ሸፍኖታል። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ ስለት ወደሚቀበሉበት ተሰለፈች። ብዙ ቆምን። ተራችን ሲደርስ አንድ ሽበታም ዲያቆን ጥላውን አይተው ጠየቁ።

«ስለቱ የማን ነው?»

«የወለተ ሥላሴ።»

«የት አለች?»

«ሞቱ። ኅዳር ላይ።»

«ነፍስ ይማር። ለማን የተሳለችው ነው?»

«ለእኔ።»

«ስመ ክርስትናሽ?»

ከኋላችን ያለው ሰልፍ ይገፋን ነበር።

«የለኝም» አለች እናቴ። «ጫልቱ ነኝ። ታምሜ ነበር፣ ዳንኩ። እሷ ለምናልኝ ነው።»

ዲያቆኑ ቀና ብለው አዩዋት። የሚመልሱን መሰለኝና ቀሚሷን ያዝኩ። እሳቸው ግን ጥላውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከፍ አደረጉት።

«ስለቷ ደርሷል» አሉ። «በሰላም ግቡ።»

ከሰዉ ወጥተን አንድ ዛፍ ሥር ቆምን። እናቴ አልተሳለመችም፣ አልሰገደችምም። የአባቴን ሹራብ እጅጌ ወደ ታች ስባ እጆቿን አጣመረችና በኦሮምኛ፣ ሰው እንደምታነጋግር ሁሉ፣ «ገለቶሚ፣ አዳዳ» አለች። አመሰግናለሁ ማለቷ ነበር። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች፤ በሽታዋም ላይ፣ ቀብሩም ላይ ያላየሁትን ልቅሶ።

ነቀምት ስንመለስ ሽማግሎቹ ጠሯት። አባቴም እንደ ሽማግሌነቱ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ነበር። እኔ አልገባሁም፤ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ያደረገችውን ሁሉ ሳትደብቅ ተናገረች። ንስሐ ግቢና ነገሩ እዚህ ይለቅ ሲሏት፣ የሞተች ጎረቤቴን መልእክት ነው ያደረስኩት፣ በዚህ ተጸጽቻለሁ ብል እግዚአብሔር ፊት መዋሸት ይሆንብኛል አለቻቸው። ተመካክረው ለጊዜው ከጌታ እራት እንድትርቅ ወሰኑ። አባቴ ምንም አልተናገረም። ቤት ከገባ በኋላም እራቱን በልቶ የተማሪዎቹን ደብተር ማረም ጀመረ።

ከገና በኋላ በነበረው እሁድ የጌታ እራት ነበር። እናቴና እኔ በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እኔ ልጅ ስለሆንኩ ድሮም አልቀርብም፤ ያን ቀን ግን ለሁለታችንም የተከለከለ መሰለኝና ተጠጋኋት። አባቴ ከሽማግሎቹ ጋር ፊት ለፊት ነበር። ሰው ረድፍ በረድፍ እየተነሳ ሄደ፣ ተመለሰ። የእኛ ረድፍ ሲደርስ ሌሎቹ ተነስተው በጉልበታችን ፊት አለፉ፤ አንዳንዶቹ ሊያዩን አልፈለጉም፣ አንዲት ሴት የእናቴን ትከሻ ነካ አድርገው ሄዱ። እናቴ መዝሙሩን ከሰው ጋር ትዘምር ነበር።

በመጨረሻ የሽማግሎቹ ተራ ሆነ። ኦቦ ቀነዓ ሊቀበሉ ተንበረከኩ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አባቴ ብቻውን ቆሞ ቀረ። በእጁ የነበረውን ባዶ ጽዋ የያዘ ትሪ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠ። ከዚያ ዞረና በመሃሉ መተላለፊያ፣ ሰዉ ሁሉ እያየው፣ ወደ ኋላ መጣ። አግዳሚያችን አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

እናቴ መዝሙሩን ሳታቋርጥ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።